የሚመለስ ለውጥ ሁሉ አካላዊ ነው? ከበረዶ እስከ ሲሚንቶ የሄደ ክርክር

ይህ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደ ክርክር ማጠቃለያ ነው። መነሻው ጽሑፍ ጥያቄ ቢመስልም ድምዳሜ ይዞ የመጣ ነው። ክርክሩን የከፈተው ሰው (ከፋቹ) እንደሚለው አካላዊ ለውጥ ወደነበረበት የሚመለስ፣ ኬሚካላዊ ለውጥ ደግሞ የማይመለስ ነው፤ ለመለየትም አራት ምልክቶች ይበቃሉ፦ አረፋ፣ የቀለም መቀየር፣ የሙቀት መጨመር ወይም መቀነስ፣ አዲስ ሽታ። ከዚያ አሥር የዘወትር ነገሮችን በሁለት ዓምድ ደርድሯል። በረዶ ሲቀልጥ፣ ጨው ሲሟሟ፣ ወረቀት ሲቀደድ፣ ሲሚንቶ ሲደርቅና ቀለም ሲደርቅ አካላዊ ናቸው ብሎ በቀኝ አስቀመጣቸው። ሚስማር ሲዝግ፣ ሻማ ሲነድ፣ እንቁላል ሲበስል፣ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ሲያወጣና ቤኪንግ ሶዳ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ኬሚካላዊ ናቸው ብሎ በግራ። የጠየቀው ስህተት ካለ እንዲጠቆመው ብቻ ነበር። ሃያ ሁለት መልስ መጣለት፤ ከዝርዝሩ ጋር የተያያዘው ግን ግማሽ ያህሉ ነው።

1ኛ መልስ፦ ጨዋ ነው። አብዛኛውን ተቀብሎ መለኪያውን ግን ይቀይራል። መጠየቅ ያለበት ነገሩ ይመለስ እንደሆነ ሳይሆን ከለውጡ በኋላ የተገኘው ያው ነገር ይሁን ሌላ ነው ባይ ነው። ማስረጃው ውሃ ነው። 1 ግራም በረዶ ለማቅለጥ 334 ጁል ይበቃል፤ 100 ዲግሪ የደረሰ 1 ግራም ውሃ እንፋሎት እስኪሆን 2257 ጁል ገደማ ይወስዳል። በሁለቱም የላላው በሞለኪውሎች መካከል ያለው መሳሳብ እንጂ ሞለኪውሉ ራሱ አልተነካም። ያንኑ 1 ግራም ውሃ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን አድርጎ ለመነጣጠል ግን 15,900 ጁል ያህል ያስፈልጋል።

2ኛ መልስ፦ ጠበቅ ይላል፤ መመለስ ለምን መለኪያ እንደማይሆን ከሁለቱም ወገን ያሳያል። የተሰበረ ብርጭቆና የተሰነጠቀ እንጨት አይመለሱም፤ ይሁንና ብርጭቆው ብርጭቆ፣ እንጨቱም እንጨት ነው። በሌላ ወገን የመኪና ባትሪ ቀን ከቀን የሚመላለስ ኬሚካላዊ ለውጥ ነው። ኃይል ሲሰጥ በአንዱ ወገን ያለው እርሳስና በሌላው ወገን ያለው የእርሳስ ዳይኦክሳይድ ከሰልፈሪክ አሲዱ ጋር ተዋህደው ሁለቱም እርሳስ ሰልፌት ይሆናሉ፤ ቻርጅ ሲደረግ ወደየነበሩበት ይመለሳሉ። በሃይድሮሜትር (የፈሳሽ እፍግታ መለኪያ) ማየት ይቻላል፦ ሙሉ ቻርጅ ላይ የአሲዱ እፍግታ ከውሃ ጋር ሲነጻጸር 1.28 አካባቢ ሲሆን ባትሪው ሲሟጠጥ ወደ 1.12 ይወርዳል፤ አሲዱ እየተበላ በምትኩ ውሃ ይፈጠራልና። የዚህ ጸሐፊ ምርጥ ነጥብ ግን መጨረሻ ላይ የወረወራት ናት። ባትሪ ባዶውን ለሳምንታት ከተቀመጠ ደቃቁ ሰልፌት ትልልቅና ጠንካራ ክሪስታል ይሆንና ቻርጅ አይመልሰውም። ኬሚካላዊው ለውጥ ተመላሽ ነበር፤ በሩን የዘጋው የክሪስታሎቹ ማደግ ነው፤ እሱ ደግሞ አካላዊ ለውጥ ነው።

3ኛ መልስ፦ ለ2ኛው ድጋፍ የሚሆን፣ በቤት የሚሠራ ነገር ይዞ ይመጣል። የጠቆረ የብር ጌጥ ላይ ያለው ጥቁር ሽፋን የብርና የሰልፈር ውሁድ ነው። በሸክላ ሳህን ላይ የአልሙኒየም ፎይል የሚያብረቀርቀውን ወገን ወደ ላይ አድርጎ ማንጠፍ፣ ጌጡን ፎይሉን እንዲነካ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በ1 ሊትር የፈላ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ ማፍሰስ። አልሙኒየሙ ሰልፈሩን ከብሩ ይነጥቃል፤ በጥቂት ደቂቃ ጌጡ ይጠራል፣ ቀለል ያለ የተበላሸ እንቁላል ሽታም ሊመጣ ይችላል። ፎይሉን ካልነካ አይሠራም፤ ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። በማጽጃ ክሬም መፈተግ ግን ጥቁሩን ከነብሩ ልጦ ይወስዳል። ዕንቁ ወይም በማጣበቂያ የተያያዘ ድንጋይ ያለበት ጌጥ እዚህ ውስጥ መግባት እንደሌለበት ያስጠነቅቃል።

4ኛ መልስ፦ ወደ ቤኪንግ ሶዳውና አቼቶው ይመልሰናል። 5 በመቶ አሲድ ያለው 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ 5 ግራም ያህል አሴቲክ አሲድ ስለሚይዝ የሚመጥነው 7 ግራም ሶዳ ነው። ከዚያ በላይ የተጨመረው ሳይዋሃድ ይቀራል፤ ሰዎች ሙከራው አልሠራም የሚሉት ማንኪያውን ሙሉ ሲያደርጉ ነው። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 2 ሊትር ይደርሳል፣ ክብደቱ 3.7 ግራም ገደማ ነው። ቴርሞሜትር ቢገባ ሙቀቱ ሲወርድ ያሳያል፤ ስለዚህ ኬሚካላዊ ለውጥ ሁሉ ያሞቃል የሚለው እዚህ ይወድቃል። የጠርሙሱን አፍ በፊኛ ከሸፈኑ ምንም ስለማይወጣ ሚዛኑ ፊትም ኋላም አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳያል ሲል ይጨርሳል። ይህ ዓረፍተ ነገር ብዙ አነጋገረ።

5ኛ መልስ፦ አጭር ነው፤ ለስላሳ መጠጡን ከግራ ዓምድ ወደ ቀኝ ያዛውራል። በግፊት የታመቀ ጋዝ ክዳኑ ሲከፈት ይወጣል፣ በአመዛኙ ያለው ይኸው ነው። ውሃ ሊፈላ ሲል ቀድመው የሚታዩት ትንንሽ አረፋዎችም የሟሟ አየር ናቸው፤ ትልልቆቹ ደግሞ የውሃው የራሱ እንፋሎት። አረፋ ብቻውን ምንም አይመሰክርም።

6ኛ መልስ፦ 4ኛውን ያርማል፤ ትክክልም ነው። ፊኛው ሲነፋ 2 ሊትር ያህል አየር ከቦታው ይገፋል፤ ያ አየር 2.4 ግራም ይመዝናል። አየሩ ፊኛውን ወደ ላይ ስለሚደግፈው ምንም ነገር ሳይወጣ ሚዛኑ እስከ 2.4 ግራም የሚደርስ ጉድለት ያሳያል። ክብደት እንደማይጠፋ ማሳየት የፈለገ ሰው የማይለጠጥ ዕቃ መጠቀም አለበት። ግማሽ ሊትር የሚይዝ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ 20 ሚሊ ሊትር አቼቶ፣ በሶፍት የተጠቀለለ 1 ግራም ሶዳ፤ ሶፍቱን ጥሎ ቶሎ መክደን። የሚፈጠረው ጋዝ ከ0.3 ሊትር ስለማይበልጥ ጠርሙሱ ይጠነክራል እንጂ አይፈነዳም። ሶዳውን በ7 ግራም መተካትም ሆነ የመስታወት ጠርሙስ መጠቀም ክልክል ነው ብሎ አስምሮበታል።

7ኛ መልስ፦ ስለ ሚዛን ጥራት ይጠይቃል። 8ኛው 0.1 ግራም የሚለይ ሚዛን ለአቼቶው ይበቃል፣ ለዝገት ግን 0.01 የሚለይ ይሻላል ብሎ በዚያው ወደ ዝገት ይገባል። የዕቃ መፈግፈጊያ የብረት ሽቦ ዘይት ተቀብቶ ስለሚሸጥ ዝም ብሎ ቢነከር አይዝግም፤ በአቼቶ አንድ ሁለት ደቂቃ ታጥቦ መጨመቅ አለበት። ከዚያ በረጅም ብርጭቆ ሥር ወትፎ ብርጭቆውን ውሃ ባለበት ሳህን ላይ መድፋት። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ውሃው የብርጭቆውን አንድ አምስተኛ ያህል ወደ ላይ ይወጣል፤ ብረቱ ኦክሲጅኑን ወስዶታልና። ሽቦው በደንብ ደርቆ ሲመዘን ከመነሻው ይከብዳል። 100 ግራም ብረት ሙሉ በሙሉ ወደ ብረት ኦክሳይድ ቢቀየር 143 ግራም ይሆናል፤ ዝገቱ የያዘው ውሃ ሲታከልበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ዝገት ብረትን የሚያሳንስ የሚመስለው እየተፈረፈረ ስለሚወድቅ ነው።

9ኛ መልስ፦ እዚህ ላይ ቃናው ይቀየራል። ጸሐፊው ይህ ሁሉ ፀጉር ስንጠቃ ነው፣ ተማሪ አራቱን ምልክቶች ይዞ ቢፈተን ያልፋል፣ ሌላው ጊዜ ማባከን ነው ይላል።

10ኛ መልስ፦ ለ9ኛው የተሰጠ፣ ለስላሳ ያልሆነ መልስ ነው። አራቱም ምልክቶች የማይታዩበት ኬሚካላዊ ለውጥ ያቀርባል። 10 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በሰፊ ሳህን ስስ አድርጎ በትኖ በ200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት ማቆየት። ሲወጣ ያው ነጭ ዱቄት ነው። ቀለም የለ፣ ሽታ የለ፣ አረፋ የለ። ሚዛን ላይ ግን 6.3 ግራም ሆኗል፤ የጎደለው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወጥቷል፣ የቀረው የማጠቢያ ሶዳ የሚባለው ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ልዩነቱ ይለያል፦ ቤኪንግ ሶዳው ውሃውን ሲያቀዘቅዝ አዲሱ ዱቄት ያሞቀዋል። ቆዳ ስለሚቆጠቁጥ በጓንት ይያዝ ይላል። 9ኛው በዚህ አልተመለሰም፤ ክርክሩን ወደ ግንባታ ያዞረው ግን እሱ ራሱ ነው፤ ቢያንስ ሲሚንቶ ሲደርቅ አካላዊ መሆኑን ማንም አይክድም ብሎ አከለ።

11ኛ መልስ፦ ይክዳል። የውይይቱ ረጅሙና እኔ እንደሚመስለኝ ጠቃሚው መልስ ይህ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃው ስለሄደ አይደለም፤ ውሃው ስለገባበት ነው። በውስጡ ያሉት የካልሲየም ሲሊኬቶች ከውሃ ጋር ተዋህደው እርስ በርሱ የተቆላለፈ አዲስ ጠጣር ነገር ይፈጥራሉ። ለዚህ ነው ውሃ ውስጥ እንኳ የሚጠነክረው፤ እየደረቀ ቢሆን ኖሮ ወንዝ ውስጥ የድልድይ ምሰሶ ማቆም ባልተቻለ። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነው። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ የሚጠጣው እንዳይሰነጠቅ ብቻ አይደለም፤ ገጹ ከደረቀ ውህደቱ እዚያው ይቆማል፣ ላዩም ሲፈተግ እንደ ዱቄት ይራገፋል። ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፣ ከዚያም በኋላ ቀስ እያለ ይጨምራል። ውሃ ሲበዛም ጉዳት አለው፦ የውሃና የሲሚንቶ ክብደት ንጽጽር ከ0.4 እስከ 0.5 መካከል ቢሆን ጥሩ ነው። ለመጎተት እንዲቀል ተብሎ የሚጨመረው ትርፍ ውሃ ሳይዋሃድ ይቀርና በኋላ ተኖ ክፍተት ይተዋል። እርጥበት ገብቶት የተጓጎለ ሲሚንቶ ተፈጭቶ ዱቄት ቢደረግም አይመለስም፤ የተቀየረው ቅርጹ ሳይሆን ነገሩ ነው።

በዚያው መልስ ላይ ጭቃን ያነጻጽራል። የጭቃ ጡብ በፀሐይ ሲደርቅ ውሃው ብቻ ነው የሚሄደው፤ ዝናብ ቢመታው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፤ አካላዊ ነው። ያው ጡብ እሳት ገብቶ ከ600 ዲግሪ ሲያልፍ ግን በሸክላው ማዕድን ውስጥ ታስሮ የነበረው ሃይድሮክሲል (የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን ጥምር) በውሃ መልክ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ዓመት ቢዘፈዘፍም ጭቃ አይሆንም።

12ኛ መልስ፦ ጄሶን ይጨምራል፤ በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለቱም ለውጦች በተራ ይታያሉ። 100 ግራም የጄሶ ዱቄት ለመዋሃድ የሚያስፈልገው 18.6 ግራም ውሃ ብቻ ነው፤ ለመለሰን እንዲመች ግን ከ60 እስከ 70 ግራም ይበጠበጣል። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጸንቶ ሲሞቅ ኬሚካላዊው ነገር አልፏል። የተረፈው ከ40 እስከ 50 ግራም ውሃ በቀናት ይተናል፤ ይህ አካላዊው ነው። የጸናውን የደረቀ መስሎት ቀለም የሚቀባ ሰው ቀለሙ ሲያኮርፍና ሲላጥ ያየዋል። መጽናት የጀመረን ጄሶ ውሃ ጨምሮ ማማሰል ደግሞ እየተቆላለፉ ያሉትን መርፌ መሰል ክሪስታሎች ሰባብሮ ደካማ ያደርገዋል። ብዙ ጄሶ ውስጥ እጅ ነክሮ ቅርጽ ማውጣት ቆዳ ያቃጥላል፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣልና።

13ኛ መልስ፦ ቀለም። ከፋቹ ቀለም ሲደርቅ ብሎ አንድ ያደረገውን ለሁለት ይከፍላል። በውሃ የሚበጠበጠው የግድግዳ ቀለም ውሃው ሲተን ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ይጣበቃሉ፤ አካላዊ ነው። በጣም ሲበርድ ቅንጣቶቹ ስለማይለሰልሱ ሳይጣበቁ ይቀሩና ቀለሙ ይፈረፈራል። የተልባ ዘይት ያለበት ቀለም ግን ከአየሩ ኦክሲጅን ወስዶ ሞለኪውሎቹ ይያያዛሉ፤ ሲጠነክር ክብደቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የደረቀ የጥፍር ቀለም በአሴቶን ሲነካ ተመልሶ ይሟሟል፣ የጠነከረ ኤፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) አይሟሟም። ማስጠንቀቂያውን በድርብ መስመር አስምሮበታል፦ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ውህደቱ የሚያወጣው ሙቀት እየተጠራቀመ ማንም ክብሪት ሳይጭር ሊነድ ይችላል። ጨርቁ አንድ በአንድ ተዘርግቶ ደጅ ይስጣ፣ ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይግባ።

14ኛ መልስ፦ ከርዕሱ ወጥቶ ሱፐር ግሉ እንዲሁ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ 15ኛው ይመልስለታል። ሱፐር ግሉ የሚጸናው በአየሩና በቆዳው እርጥበት ተነሳስቶ ነው፤ ስለዚህ ጣት ከእንጨት ቀድሞ ይያዛል። በጥጥ ላይ በብዛት ከፈሰሰ በሰከንዶች ውስጥ ቆዳ እስኪያቃጥል ይሞቃል።

16ኛ መልስ፦ ከዚህ ጀምሮ ስለ ጨው ያለው ጭቅጭቅ ነው። ጸሐፊው ጨው ሲሟሟ ኬሚካላዊ ነው ይላል፦ የሶዲየምና የክሎራይድ ትስስር ተፈቷል፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው ደረቅ ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ አስተላላፊ ሆኗል። ስኳር ግን ሞለኪውሉ እንዳለ ስለሚቆይ አካላዊ ነው።

17ኛ መልስ፦ በቁጣ ነው የተጻፈው፤ ክርክሩ ግን ጠንካራ ነው። ጨው 801 ዲግሪ ላይ ሲቀልጥም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ማቅለጥን ደግሞ ኬሚካላዊ ያለ የለም። በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 36 ግራም ያህል ጨው ይሟሟል፤ ውሃው ሲተን ያው ጨው ይገኛል። ሚዛን ላይ ልዩነት ካለ ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ድስቱ በኃይል ሲፈላ እየተፈናጠረ ይጎድላል፤ የቧንቧ ውሃ የራሱን ማዕድን ይጨምራል፤ ክሪስታሎቹ በውስጣቸው የቀረ ውሃ ይይዛሉ። ሰፊ ሳህን፣ የተጣራ ውሃ፣ በመጨረሻም 110 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ማድረቅ ይፈታዋል።

18ኛ መልስ፦ በመሃል ገብቶ ሁለቱንም ለማብረድ ይሞክራል። ድንበሩ ሰዎች ለመግባባት ያሰመሩት ነው፤ ተፈጥሮ አላሰመረችውም። እንቁላልን ያነሳል። ነጩ 62 ዲግሪ አካባቢ መርጋት ይጀምራል፣ አስኳሉ ከ65 እስከ 70 ይጸናል። መጀመሪያ የሚሆነው የተጠቀለለው ፕሮቲን መፈታት ነው፤ የሚላቀቁት ደካማ መሳሳቦች ናቸው። ከዚያ ግን የሰልፈር ድልድዮች በተለያዩ ፕሮቲኖች መካከል ይዘረጋሉ፤ እነዚህ እውነተኛ ኬሚካላዊ ትስስሮች ናቸው። በ2015 በአሜሪካና በአውስትራሊያ የሚገኙ ተመራማሪዎች የተቀቀለ የእንቁላል ነጭን በዩሪያ አሟሙተው፣ በፍጥነት በሚሽከረከር ቱቦ ውስጥ በስስ ሽፋን እያሽከረከሩ በውስጡ ካሉት ፕሮቲኖች አንዱን፣ ላይሶዛይምን፣ ወደ ሥራው መልሰውታል። እንቁላሉ ጥሬ ሆኖ ተመለሰ ማለት ግን አይደለም። አይመለስም የሚለው መለኪያ በከፋቹ በራሱ ምሳሌ ላይ መላላቱን ለማሳየት ግን ይበቃል።

19ኛ መልስ፦ ብረት ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው። 18ኛውን ደግፎ የድንበሩን ሌላ ቦታ ያሳያል። 1 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ሞረድ ማግኔት እስከማይስበው ድረስ፣ ማለትም ከ770 ዲግሪ ትንሽ አልፎ፣ ግሎ ውሃ ውስጥ ቢነከር እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ጠንካራ ነገር ይሆናል። ያው ብረት፣ ያው ካርቦን፤ የተቀየረው የአተሞቹ አሰላለፍ ነው፤ ካርቦኑ መውጫ አጥቶ ተወትፏል። ተራ ሚስማር ካርቦኑ ጥቂት ስለሆነ የቱንም ያህል ቢነከር እንዲህ አይጠነክርም። ጠንካራው ብረት ተወልውሎ ቀስ ብሎ ሲሞቅ ደግሞ 230 ዲግሪ ላይ ገለባ መሰል ቢጫ፣ 300 አካባቢ ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙ የስስ ኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ ኬሚካላዊ ነው። ከሥሩ የጥንካሬው መቀነስ የአሰላለፍ ጉዳይ ነው። በአንድ ቁራጭ ብረት፣ በአንድ ጊዜ፣ ላዩና ውስጡ የተለያየ ነገር ይሆናሉ። ከዚያ በ1812 የናፖሊዮን ወታደሮች የቆርቆሮ (ቲን የሚባለው ብረት) የልብስ ቁልፍ በሩሲያ ብርድ ዱቄት ሆነ የሚለውን ታሪክ አከለ፤ ነጩ ቆርቆሮ ከ13.2 ዲግሪ በታች ወደ ግራጫ ዱቄት እንደሚቀየር ለማሳየት።

20ኛ መልስ፦ ታሪኩን ይነቅላል። ሙቀቱ ትክክል ነው፣ ለውጡም አለ። ግን ብዙውን ጊዜ ወራት ይወስዳል፣ ጥቂት እርሳስ ወይም አንቲሞኒ የተቀላቀለበት ቆርቆሮም ይቋቋመዋል። ለቁልፎቹ ታሪክ የሚታመን ማስረጃ የለም።

21ኛ መልስ፦ ተወያዮቹ የደነገጡበት ነው። አንድ ሰው ለልጆች ጥሩ ማሳያ ይሆናል ብሎ በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀልን ሐሳብ አቀረበ። ከሥሩ ያለው 22ኛ መልስ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፣ ከአሞኒያ ጋር ደግሞ ክሎራሚን፤ ሁለቱም ሳንባ ይጎዳሉ፣ በጠባብ መታጠቢያ ክፍል ይገድላሉ። የተቀላቀለ ካለ በመስኮት እያዩ አየር እስኪገባ መጠበቅ ሳይሆን ሰውን ሁሉ ይዞ መውጣት ነው። የመድረኩ ተቆጣጣሪ 21ኛውን ጽሑፍ አነሣው፤ ቁጥሩ ግን እንዳለ ቀርቷል።

22ኛው እዚያው ላይ ማሳያ የሚፈልግ ካለ ብሎ ሁለት አደጋ የሌላቸው አማራጮች ይሰጣል። የመጀመሪያው ሻማ ነው፤ ከፋቹ ኬሚካላዊ ብቻ ያደረገው። ሰሙ ይቀልጣል፣ በክሩ ይወጣል፣ ይተናል፤ እስከዚህ አካላዊ ነው። የሚነደው ተኑ ብቻ ነው። ሻማውን በቀስታ እፍ ብሎ ሲያጠፉ ወደ ላይ የሚወጣው ነጭ ጭስ መልሶ የጸና ሰም ስለሆነ ክብሪት ከክሩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ጭሱን ቢነካ እሳቱ ወደ ክሩ ይወርዳል፤ ክፍሉ ውስጥ ነፋስ ካለ አይሠራም። 1 ግራም ሰም ሲነድ ከአየር 3.4 ግራም ያህል ኦክሲጅን ወስዶ 3.1 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 1.3 ግራም ውሃ ይሆናል። ቀዝቃዛ ብርጭቆ ከነበልባሉ በላይ ለአፍታ ሲደፋ የሚያላብበው ያ ውሃ ነው።

ሁለተኛው የእጅ ማሞቂያ ከረጢት ነው፤ ሁለት ዓይነት ይሸጣል። አንደኛው ሲከፈት የሚሞቀው የብረት ዱቄት፣ ጨው፣ እርጥበትና ከሰል የያዘው ነው፤ ዝገት ነው፣ አንዴ ብቻ ያገለግላል። አየር በማያስገባ ከረጢት ቢታሸግ ይቆማል፣ ሲወጣ ይቀጥላል። በሚዛን ለመከታተል ግን አይመችም፤ ብረቱ ኦክሲጅን ሲወስድ እርጥበቱ ስለሚተን ቁጥሩ ይምታታል። ሌላው በውስጡ ያለች ትንሽ ብረት ስትጫን ፈሳሹ በአንድ ጊዜ የሚጸናው ነው፤ ሶዲየም አሴቴትና ውሃ ነው፣ ክሪስታል ሲሆን እስከ 58 ዲግሪ ይሞቃል፣ ከረጢቱ ከመጫኑ በፊትም በኋላም አንድ ክብደት ነው። ለመመለስ የፈላ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማቆየት፤ ከድስቱ ሥር ጨርቅ ማንጠፍ፣ ፕላስቲኩ ብረቱን ከነካ ይቀደዳልና። ፈሳሹ በብርሃን ፊት ሲታይ ጥራት ከሌለው ገና ነው፤ አንዲት ክሪስታል ከቀረች ሲቀዘቅዝ ሳይጫን ይጸናል።